ተራርቆ በጋራ ለመሥራት የትኛው መገልገያ ይመረጣል?

በአንድ ጣራ ሥር አብረው የሚሠሩ ሰዎች በአፍ ብቻ ሳይሆን በዓይንም ይነጋገራሉ። ክር ማለቁን፣ የስፌት መኪና መበላሸቱን፣ አንዷ ሠራተኛ መታመሟን ማንም ሳይናገር ሁሉም ያየዋል። ሥራው በተለያየ ሰፈር፣ በተለያየ ከተማ፣ አልፎ ተርፎም በተለያየ አገር በሚኖሩ ሰዎች እጅ ሲከፋፈል ግን ያልተነገረ ነገር አይታወቅም፤ የተነገረውም ቢሆን ካልተጻፈ ይረሳል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለእንዲህ ያለው ሥራ ጭምር የታሰበ ይመስላል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በርካታ እህቶቻችን በእጅ ስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው አማካይነት ከቤታቸው ሳይወጡ፣ በአካል አግኝተዋቸው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ሳይቀር በጋራ ይሠራሉ። አንዷ ትተረጉማለች፣ አንዷ የሒሳብ መዝገብ ትይዛለች፣ ሌላዋ ልብስ አሠርታ ትልካለች። ታዲያ ሥራው በተጀመረ ማግስት የሚነሳው ጥያቄ «በምን እንነጋገር? ዕቅዳችንንስ የት እናስቀምጠው?» የሚል ነው። መገልገያው እንደሆነ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ዙም፣ ጎግል ሚት፣ ጎግል ሺት፣ ትሬሎ፣ ስላክ፣ ሌላም ሌላም። በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ከእነዚህ መካከል እንዴት እንደሚመረጥ ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናስገንዝብ። የመገልገያ ምርጫ ለቴክኒክ አዋቂዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ውጤቱ ግን የሚያርፈው በሰው ላይ ነው። ማን ምን እንደሚሠራ በግልጽ ያልተጻፈ የጋራ ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ የሚላከከው ዝም ባለችው ላይ ነው። ዝም የምትለውም ብዙውን ጊዜ ልጅ ይዛ ቤት ውስጥ የምትሠራው፣ ስልኳ ያረጀባት፣ ለኢንተርኔት የምትከፍለው ያጠራት እህት ናት። ስለዚህ ምርጫው በሚደረግበት ጊዜ ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለባት እርሷ ናት።

ከመገልገያው በፊት ሥራውን ማወቅ

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አምስት ሴቶች የሐበሻ ቀሚስ እያሠሩ ይሸጣሉ እንበል። አንደኛዋ በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ ከሙሽሮችና ከሚዜዎች ትእዛዝ እየተቀበለች ልክ ትወስዳለች። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሆና ድርና ማጉን እየገዛች ከሸማኔዎች ጋር ትዋዋላለች። ሦስተኛዋ ጥልፉን ትጠልፋለች። አራተኛዋ ቤቷ ሆና ትሰፋለች፤ የሚጠባ ልጅም አላት። አምስተኛዋ ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ገንዘብ ላይ ለሥራ ማስኬጃ ያዋጣች ናት።

እነዚህ አምስት ሴቶች በመጀመሪያው ቀን የሚያደርጉት የታወቀ ነው። አንድ ግሩፕ ይከፍቱና ሁሉንም ነገር እዚያው ያፈስሱታል። የደንበኛዋ ልክ፣ የጥለቱ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የልጅ ልደት፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የዘፈን ቪዲዮ ሁሉ ተራ በተራ ይወርዳል። ሙሽራዋ «እጅጌው በአራት ጣት ይጠር» ያለችው መልእክት ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ክምር ሥር ይቀበራል። ሰፊዋ ማታ ልጇን አስተኝታ ስልኳን ስትከፍት የምታየው የመጨረሻዎቹን መልእክቶች ነው። ቀሚሱ በቀድሞው ልክ ተሰፍቶ ይሄዳል። ከዚያ «ነግሬሽ ነበር»፣ «አልነገርሽኝም» ይከተላል። ገንዘብ ይከስራል፤ ከገንዘቡም ይልቅ ለዓመታት የኖረ ወዳጅነት ይጎዳል።

የጋራ ሥራ ውስጥ ተለይተው መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ንግግር ነው፤ ይኸውም መጠየቅ፣ መመለስና መመካከር። ሁለተኛው ዕቅድ ነው፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ይሠራል የሚለው። ሦስተኛው ማስረጃ ነው፤ ልክ፣ ፎቶግራፍ፣ ውል፣ ደረሰኝና የሒሳብ ዝርዝር። ንግግር ያልፋል፤ ዕቅድ በየጊዜው ይታረማል፤ ማስረጃ ግን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ሦስቱ በአንድ ከረጢት ሲጨመሩ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዕድር ስብሰባ ላይ አባላቱ ሁሉ ይናገራሉ፤ የተወሰነውን ግን ጸሐፊው በመዝገብ ያሰፍረዋል፤ ገንዘቡን ደግሞ ገንዘብ ያዡ ይረከባል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች የሆኑት በከንቱ አይደለም። በስልክ የሚሠራ ቡድንም እንደዚሁ የመነጋገሪያ ቦታ፣ የዕቅድ መዝገብና የማስረጃ ሣጥን ያስፈልገዋል።

ለንግግር

ለመነጋገሪያ የሚሆነው መገልገያ አንደኛ መመዘኛው ሁሉም አባላት ቀድሞውኑ የሚያውቁትና በስልካቸው ላይ ያለ መሆኑ ነው። አራቱ የሚያውቁትን ትቶ አንዷ ያደነቀችውን አዲስ መገልገያ መትከል ሌሎቹን ተማሪ፣ እርሷን አስተማሪ ያደርጋል እንጂ ሥራውን አያፋጥንም። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው በቴሌግራምና በዋትስአፕ መካከል ይሆናል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በአማርኛ ይጻፍባቸዋል። ሆኖም ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

በቴሌግራም የተላከ መልእክትና ፋይል በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ስለሚቀመጥ ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር በሌላ ስልክ ገብቶ ማግኘት ይቻላል። የዋትስአፕ መልእክት ግን የሚቀመጠው በስልኩ ላይ ነው፤ በመጠባበቂያ ካልተገለበጠ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። በሌላ በኩል ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዋትስአፕ መልእክት ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ኩባንያው እንኳ እንዳያነበው ሆኖ ይቆለፋል። የቴሌግራም ግሩፕ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም፤ ይህ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚከፈተው የምሥጢር መልእክት ላይ ብቻ ነው። በመሆኑም ስለ ክርና ስለ ጥለት ለመነጋገር ቴሌግራም ምቹ ሲሆን፣ የፓስፖርት ቅጂን የመሰለ ነገር ግሩፕ ላይ መልቀቅ አይገባም።

የድምፅ መልእክት ብዙ ሴቶች የሚወዱት ነው። እጇ በሊጥ ወይም በክር የተያዘ ሴት በድምፅ መልስ መስጠት ይቀላታል፤ ማንበብ ለማይችል ሸማኔም ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ ይደርሰዋል። ይሁንና ከሳምንት በኋላ የአንድ ድምፅ ፍሬ ነገር ለማግኘት ሃያውንም መልሶ ማዳመጥ ግድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ደንብ ይበቃል። በድምፅ የተወሰነ ነገር ሁሉ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ «የጥለቱ ቀለም አረንጓዴና ወርቅማ ሆኗል፤ ሰኞ ተስማምተናል» ተብሎ። ይህችን መስመር ከግሩፑ አናት ላይ ማጣበቅ ይቻላል፤ ወደ ዕቅዱ መዝገብ ማስተላለፍ ደግሞ የተሻለ ነው።

በምስል መሰብሰብ ለሚፈልጉ ዙምና ጎግል ሚት አሉ። ያለ ክፍያ የሚሰጠው የዙም ስብሰባ በ40 ደቂቃ ያበቃል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚገኙበት የጎግል ሚት ነፃ ስብሰባ ደግሞ በ60 ደቂቃ። ለአምስት ሴቶች 40 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው፤ የሚወያዩባቸውን ሦስት ነጥቦች አስቀድመው ጽፈው ከቀረቡ ጊዜ ይተርፋቸዋል። ምስል ዳታ አብዝቶ እንደሚበላም ማወቅ ያስፈልጋል። በየቀኑ ጥቅል እየገዛች ለምትጠቀም እህት ካሜራውን ዘግታ በድምፅ ብቻ መሳተፍ ነውር ተደርጎ መታየት የለበትም። የሚኖሩበትን አገር ሕግም ማገናዘብ ይገባል፤ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች በኢንተርኔት የድምፅና የምስል ጥሪ ማድረግ የሚፈቀደው የአገሩ ተቆጣጣሪ ፈቃድ በሰጣቸው መገልገያዎች ነው። ስለዚህ የጥሪው መገልገያ ከመመረጡ በፊት ዱባይ ያለችውን አባል መጠየቅ ግድ ይላል።

ሰዓትና ቀን

ተራርቆ በመሥራት ውስጥ ብዙ ኪሳራ የሚያስከትለው ትንሽ የምትመስለው የሰዓትና የቀን ነገር ናት። አዲስ አበባ ያለችው «ሦስት ሰዓት ላይ» ስትል ጠዋትን ማለቷ ነው። አሜሪካ የቆየችው ግን ስልኳ ላይ 3 ሰዓት የሚለውን አይታ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት የሚሆነውን ልትረዳ ትችላለች። በዚህ ላይ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። እነርሱ ከማርች ወር ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ልዩነቱ 7 ሰዓት ይሆናል፤ በቀረው ወራት 8 ሰዓት ነው። ዱባይ ከእኛ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ በእነርሱ በጋ በሲልቨር ስፕሪንግ እኩለ ቀን ካለፈ ከ1 ሰዓት በኋላ ይውላል፤ በክረምታቸው ግን ልክ እኩለ ቀን ላይ ይሆናል።

የቀኑ ነገር ደግሞ ይብሳል። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ጁላይን «ሐምሌ» ብለው መጥራት ለምደዋል። ሙሽራዋ «ሠርጌ ሐምሌ 4 ነው» ስትል ጁላይ 4ን ማለቷ ከሆነ፣ ሽሮ ሜዳ የሚገኙት ግን በእኛ አቆጣጠር ቢይዙት፣ የእኛ ሐምሌ 4 የሚውለው ጁላይ 11 ቀን ነው። ሙሉ ሰባት ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው። ቀሚሱ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። አብዛኞቹ የዕቅድ መገልገያዎች የተሠሩት በፈረንጆቹ ቀን አቆጣጠር ስለሆነ ይህን ስሕተት አይተው አያርሙም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ሁለቱንም አቆጣጠር ይዞ ይጻፍ፤ «ሐምሌ 4፣ ጁላይ 11፣ ቅዳሜ» ተብሎ። ዕለቱ አብሮ ሲጻፍ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። ሰዓትም ሲጻፍ «በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ከተማው ይጠቀስ።

ለዕቅድ

ዕቅድ የሚጀመረው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ዓይነት ቆጠራ በጣም ይመቻል። ሠርጉ በእኛ ሐምሌ 4 ነው እንበል። ልብሱ ተለክቶ ቢስተካከል ሁለት ሳምንት ስለሚያስፈልግ ሰኔ 20 ከሙሽራዋ እጅ መግባት አለበት። ለጉዞው 10 ቀን ቢታሰብ ሰኔ 10 ይላካል። ለስፌት 7 ቀን ብንሰጥ ስፌቱ ሰኔ 3 ይጀመራል። ለጥልፍ 10 ቀን ብንይዝ ግንቦት 23፣ ለሽመናው 20 ቀን ብንይዝ ደግሞ ግንቦት 3 መጀመር ይኖርባቸዋል። ስለዚህ የክሩ ዓይነት፣ የጥለቱ ቀለምና የሙሽራዋ ልክ እስከ ሚያዝያ 30 ተቆርጦ ማለቅ አለበት።

ይህ ቆጠራ በወረቀት ሲሠፍር አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል። ሥራው የተያያዘ ሰንሰለት ነው። ሽመናው በ5 ቀን ቢዘገይና ጥልፉ የራሱን 10 ቀን ቢወስድ ለሰፊዋ የሚቀራት 2 ቀን ብቻ ነው። መዘግየቱ የተጀመረው ከላይ ቢሆንም የሚታየው ግን በመጨረሻዋ እጅ ላይ ነው። ዕቅዱ ካልተጻፈ ሜሪላንድ ያለችው የምታውቀው «ሰፊዋ አላደረሰችም» የሚለውን ብቻ ነው። ከተጻፈና እያንዳንዱ ሥራ የተፈጸመበት ቀን ከተሞላ ግን ቀኑ የት እንደባከነ ማንም ያየዋል። ሸማኔውንም ቢሆን ያለ ማስረጃ መውቀስ ይቀራል፤ ምናልባት እርሱም ክሩ ዘግይቶ ደርሶት ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ዕቅድ በመስመር እየሳሉ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። ሔንሪ ጋንት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. ባስፋፋው ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ሥራ ከሚጀመርበት ቀን እስከሚያልቅበት ቀን በአንድ አግዳሚ መስመር ይወከል ነበር፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር የምናገኛቸው የዕቅድ መገልገያዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ሠንጠረዥ ያሳምሩት እንጂ ከሥሩ አልለወጡትም።

ለአምስት ሰዎች ሥራ ጎግል ሺት ይበቃል። በነፃ የሚሰጥ ሆኖ፣ አንዷ የጻፈችውን ሌላዋ ወዲያውኑ ታየዋለች፤ ማን ምን እንደለወጠም ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። አስቀድሞ ለዚህ ከተዘጋጀ ኔትዎርክ በሌለበት ጊዜም ይከፈታል። ስድስት ዓምዶች ይኑሩት፤ ሥራው፣ የሥራው ባለቤት፣ የሚጀመርበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የተፈጸመበት ቀን፣ ማስታወሻ። ከእነዚህ ዋነኛው ሁለተኛው ነው። በባለቤት ዓምድ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይግባ። «ሁላችንም» ተብሎ የተጻፈ ሥራ ማንም የማይሠራው ሥራ ነው።

ትእዛዙ ሲበዛና በአንድ ጊዜ አሥርና አሥራ አምስት ቀሚስ በሥራ ላይ ሲውል ትሬሎን የመሰለ ሰሌዳ ያስፈልግ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ሰሌዳ አባት ካንባን የተባለው የጃፓኖች ዘዴ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ታይቺ ኦኖ ያዳበረው ሲሆን፣ አንዱ የሥራ ክፍል ለሌላው ምን እንደሚያስፈልገው በካርድ ያስታውቅበት ነበር። በትሬሎም ላይ እያንዳንዱ ቀሚስ አንድ ካርድ ይሆንና «በሽመና»፣ «በጥልፍ»፣ «በስፌት»፣ «ተልኳል» ከሚለው ዓምድ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ማንም ስልክ ሳይደውል የትኛው ቀሚስ የት እንደደረሰ ያያል። ነገር ግን በወር ሁለት ቀሚስ ለምታሠሩ ይህ ትርፍ ድካም ነው፤ ሠንጠረዡ ይበቃችኋል። ስላክንና የመሳሰሉትንም ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች መተው ይሻላል። የስላክ ነፃ አገልግሎት የሚያሳየው የ90 ቀን መልእክት ብቻ ስለሆነ የመስከረም ውል በጥር አይገኝም። ለማሻሻል ደግሞ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ፣ በካርድ ነው።

ለማስረጃ

ልክ፣ ፎቶግራፍ፣ ውልና ደረሰኝ ከግሩፑ ወጥተው የራሳቸው ማኅደር ይኑራቸው። አንድ የጎግል አድራሻ 15 ጊጋባይት ነፃ ማስቀመጫ ስለሚሰጥ ለጀማሪ ቡድን ይበቃል። ለየደንበኛው አንድ ማኅደር ይከፈት። የጥለት ፎቶግራፍ በቀን ብርሃን፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ተነሥቶ በፋይል መልክ ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶግራፍ ሲላክ መገልገያው ስለሚጨምቀው ዝርዝሩ ይደበዝዛል።

አማርኛን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ከገባ ወዲህ በየትኛውም ስልክ መጻፍ ተችሏል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይቆጥራቸዋል። አንዷ የደንበኛዋን ስም በአንዱ ሌላዋ በሌላው ከጻፉት ፍለጋው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥር ይሰጠው፤ 01፣ 02 እየተባለ። ቁጥር አይሳሳትም፤ የደንበኛንም ስም ከየአደባባዩ ይሸሽጋል።

ገንዘብን የሚመለከተው ሠንጠረዥ ከዕቅዱ የተለየ ይሁን። የገባው፣ የወጣው፣ ቀኑ፣ ለማን እንደተከፈለና የቴሌብር ወይም የባንክ የማስተላለፊያ ቁጥሩ ይስፈር። ዱባይ ያለችው እህት ሠንጠረዡን በማንኛውም ሰዓት ከፍታ ማየት መቻል አለባት። የላቧ ገንዘብ የት እንደዋለ ለማወቅ ደውላ መለመን አይገባትም። መተማመን አለ ብሎ መዝገብን መተው ፍቅር አይደለም፤ መዝገብ ያለበት ቦታ መተማመን ይቆያል።

ማኅደሩና ግሩፑ በአንዲት ሴት ስልክ ላይ ብቻ የታሠሩም መሆን የለባቸውም። ስልክ ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል፣ ሰው ይጣላል። ሁለት አድሚኖች ይሾሙ። በወር አንድ ጊዜም ዋናው ዋናው በሌላ ቦታ ይገልበጥ፤ በደብተርም ቢሆን። መገልገያዎቹ ራሳቸው ዘላለማዊ አይደሉም። በርካታ ቤተሰቦች ከሩቅ ዘመዶቻቸው ጋር ለዓመታት የተነጋገሩበት ስካይፕ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አገልግሎቱ ተዘግቷል።

ሌባም አይዘንጋ። የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ መግቢያ የሆነውን በመልእክት የሚላክ ቁጥር ለማንም አትስጡ፤ በወዳጅ ስም ቢጠየቅም እንኳ አትስጡ። በሁለቱም ላይ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማበጀት ይቻላል፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። የደንበኛን ልክ፣ ፎቶግራፍና አድራሻ ያለ ፈቃዷ ለማስታወቂያ ማውጣት ደግሞ ከነውርነቱም ባሻገር የሕግ ጉዳይ ሆኗል፤ አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2016 ዓ.ም. አውጥታለች።

ሥራውና ቤቱ

በስልክ የሚመጣ ሥራ በር አያንኳኳም። ምሳ ሲቀርብ፣ ልጅ ሲታጠብ፣ ሌሊትም ጭምር ይመጣል። ሜሪላንድ ያለችው ከሥራ ስትወጣ አዲስ አበባ ሌሊት ነው፤ እርሷ ሳታስበው የላከችው መልእክት ሕፃን ያስነሣል። ስለዚህ የመነጋገሪያ ሰዓት ይወሰን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የሚላክ መልእክት ያለ ድምፅ ይሁን፣ መልስም አይጠበቅበት። ቴሌግራም መልእክትን ያለ ድምፅ ለመላክም ሆነ በቀጠሮ ለማስተላለፍ ይፈቅዳል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ለወሊድም ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ቤት ተቀምጦ መሥራት መቻሉ ይህን መብት አይሽረውም። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችን ሴት «አንድ ጊዜ ብቻ ፋይሉን እይልን» ብሎ ከግሩፕ ግሩፕ መጎተት ፈቃዷን መቁረጥ ነው። በራሳቸው ማኅበር የሚሠሩ ሴቶችም ለራሳቸው ከአሠሪ ያነሰ ርኅራኄ ማሳየት የለባቸውም፤ አንዷ ስትወልድ ሥራዋን ማን እንደሚረከብ በሠንጠረዡ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

ባሎችና ልጆችም የሚረዱት ነገር አለ። ቤት ውስጥ ስልክ ይዛ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ወሬ ላይ አይደለችም። የሥራ ሰዓቷ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ በዚያን ሰዓት ሕፃኑን የሚይዝ ቢመደብ፣ የሥራ ስልኳም ለልጆች ጨዋታ ባይሰጥ የቤቱ ገቢ የሁሉም መሆኑ ይታወቃል።

እንዴት ይጀመር?

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመትከል አትነሡ። አንድ ትእዛዝ ምረጡ። ሁላችሁም በምታውቁት መገልገያ አንድ የሥራ ግሩፕ ክፈቱ፤ ለበዓልና ለጨዋታ ሌላ ይኑራችሁ። አንድ የዕቅድ ሠንጠረዥና አንድ የገንዘብ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ከመካከላችሁ ጸሐፊ ሹሙ፤ በየወሩ ግን ትቀያየር፤ መጻፍና ማስታወስ ሁልጊዜ ለአንዲት ሴት ብቻ ከተተወ እርሱም ያልተከፈለበት ሥራ ይሆናል። ትእዛዙ ሲያልቅ ተሰብሰቡና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የጠፋብን መልእክት ነበር ወይ? የትኛው ሥራ ዘገየ፣ ለምን? ከመካከላችን መገልገያው የከበዳት አለች ወይ?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ስትሰጥ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ሳይሆን የመጀመሪያዋ ትሁን ያችው ስልኳ ያረጀባት። እርሷ «ይከብደኛል» ካለች መገልገያው ለቡድኑ አልተስማማም ማለት ነው፤ ቀለል ያለ ፈልጉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የተመረጠው መገልገያ ሸክሙን ለሁሉም በእኩል የሚያከፋፍል ከሆነ ሥራችሁን ቀጥሉበት። በአንዷ ትከሻ ላይ የሚከምር ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢያምር ቀይሩት።